ካለፈው መዝገብ የሚመጣውን ማወቅ፤ የሚማሩ መኪናዎች ታሪክ

ቆሞ የሚጠብቅን ነገር መለካት ቀላል ነው። ተራራን ዛሬ የለካ ሰው ነገ ተመልሶ ቢለካው በዚያው ቁመቱ ያገኘዋል። የማይቆም ነገር ግን፥ ይኸውም እንደ ፈለክ የሚዞር፥ እንደ ባሕር የሚሞላና የሚጐድል፥ እንደ ነፋስ አቅጣጫውን የሚለውጥ ነገር፥ ለክተነው ሳንጨርስ ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን። እንዲህ ስላለው ነገር ሰው ከጥንት ጀምሮ ሁለት ጥያቄ ሲጠይቅ ኖሯል። አንደኛው፥ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ወር በኋላ ከየት ይደርሳል? የሚል ነው። ሁለተኛውም፥ ወደምንፈልገው ስፍራ እንዲሄድልን ምን እናድርግ? የሚል ነው። ሊቃውንት የመጀመሪያውን ትንበያ፥ ሁለተኛውን ቍጥጥር ይሉታል።

ለሁለቱም መልስ የሚፈለግበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የነገሩን ሕግ ዐውቆ ከሕጉ ማስላት ነው። ሌላው ነገሩ እስከ ዛሬ ያደረገውን በመዝገብ ጽፎ፥ ከመዝገቡ ልማዱን መማር ነው። በክፍላችን የምንማረው ፊዚክስ ይበልጡን የመጀመሪያውን መንገድ የሚያሳይ ስለ ሆነ፥ በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ስለ ሁለተኛው መንገድ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። ዛሬ ጋዜጣውና ሬዲዮው ሰው ሠራሽ አስተውሎት እያሉ የሚያወሩለት ነገር ብዙው ከዚሁ መንገድ የወጣ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚመስለው ትናንት የተወለደ አይደለም። በጽሑፋችን ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ክቡራን አንባብያን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

በ1801 ዓ.ም. በጃንዋሪ 1 ቀን፥ በሲሲሊ ደሴት በፓሌርሞ ከተማ ይሠራ የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ጁዜፔ ፒያትሲ፥ ከዚያ በፊት በማንም መዝገብ ያልነበረች አንዲት ታናሽ ብርሃን በሰማይ ላይ አገኘ። ኋላ ሴሬስ ተብላ ተሰየመች። ፒያትሲ እስከ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ድረስ፥ ሰማዩ በፈቀደለት ሌሊት ሁሉ ስፍራዋን ለካ። ከዚያ በኋላ ግን እርሱም ታመመ፥ ሴሬስም ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ገብታ ከዓይን ተሰወረች። ሴሬስ ፀሐይን አንድ ጊዜ ዞራ ለመጨረስ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅባታል፤ በእጅ ያለው መዝገብ ደግሞ ከ41 ቀን የማይበልጥ ነበር። ታዲያ ከዚህች ቍራጭ ተነሥቶ ከወራት በኋላ የምትገኝበትን ስፍራ ማን ይናገር?

ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስ በዚያ ጊዜ የ24 ዓመት ጐልማሳ ነበር፤ ከእኛ ከመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የሚበልጠው በስድስት ዓመት ብቻ ነው። ሕጉን ከኬፕለርና ከኒውተን፥ ቍጥሩን ከፒያትሲ መዝገብ ወስዶ ምሕዋሯን አሰላ። ዲሴምበር 7 ቀን 1801 ዓ.ም. ፎን ጻኽ የተባለው ተመራማሪ መነጽሩን ወደዚያ ቢያዞር ሴሬስን ጋውስ ከጠቈመው ስፍራ አጠገብ አገኛት። ከእንዲህ ካለው የፈለክ ሥራ ጋር አብሮ ያደገ አንድ ዘዴ አለ። ልኬት ሁሉ ጥቂት ጥቂት ስሕተት ስላለበት ሁለት ልኬቶች አይስማሙም፤ ስለዚህ አንዱን አምኖ ሌላውን መጣል አይገባም። ይልቁንም የስሕተቶቹ ካሬ ተደምሮ ከሁሉ የሚያንስበትን መልስ መምረጥ ነው። ይህን ዘዴ ለዠንድር በ1805 ዓ.ም.፥ ጋውስም በ1809 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ጋውስ እኔ ቀድሜ እሠራበት ነበር ስላለ በመካከላቸው ቅሬታ ሆነ። የክርክሩን ፍርድ ለሌሎች ትተን ይህን ብቻ እንበል፤ ዛሬ የሚማር መኪና የሚባለው ሁሉ በመሠረቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ግምቱን ከመዝገቡ ጋር እያስተያየ ስሕተቱን ያሳንሳል።

ይሁን እንጂ ጋውስ ሕጉ በእጁ ነበር። ሕጉ ቢታወቅም እንኳ ማስላቱ የማይቻልበት ጊዜ አለ፤ ለዚህም የባሕር ሙላትና ጉድለት ጥሩ ምሳሌ ነው። ውሃውን የሚስቡት ጨረቃና ፀሐይ መሆናቸውን ኒውተን አስረድቷል። ነገር ግን በአንድ ወደብ ውሃው በስንት ሰዓት ስንት ክንድ ይወጣል ለሚለው፥ የባሕሩን ጥልቀት፥ የባሕር ዳርቻውን ጠመዝማዛ፥ የወደቡንም አፍ ሁሉ ማወቅ ያስፈልጋል። ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ዊልያም ቶምሰን ይህን ሁሉ ዘሎ ወደ መዝገቡ ሄደ። የአንድ ወደብ የውሃ ከፍታ ለረጅም ጊዜ ከተጻፈ፥ መዝገቡ የብዙ መደበኛ ውጣ ውረዶች ድምር ሆኖ ይገኛል፤ አንዱ የጨረቃን፥ ሌላው የፀሐይን፥ ሌሎቹም የሁለቱን መቅረብና መራቅ ይከተላሉ። የእያንዳንዱን ብርታትና ሰዓት ከመዝገቡ ማውጣት ይቻላል። በ1872ና በ1873 ዓ.ም. የተሠራው የመጀመሪያው መኪና ዐሥር እንዲህ ያሉትን ውጣ ውረዶች በመዘውርና በአንድ ገመድ ደምሮ የሚመጣውን የውሃ ከፍታ በወረቀት ላይ ይሥል ነበር። የወደቡን ጥልቀት ማንም አልነገረውም፤ ጥልቀቱ በመዝገቡ ውስጥ ተሰውሮ ነበርና።

ይህ መኪና ምን ያህል እንደ ታመነ የሚያሳየው የ1944 ዓ.ም. ታሪክ ነው። የቃል ኪዳን አገሮች ሠራዊት በኖርማንዲ ዳርቻ ሊወርድ በተዘጋጀ ጊዜ፥ ጀርመኖች በውሃው ውስጥ የተከሏቸው መሰናክሎች እንዲታዩ ውሃው ጐድሎ የሚነጋበት ቀን መመረጥ ነበረበት። በሊቨርፑል አጠገብ የነበረው አርተር ዱድሰን የወደቡ ስም ሳይነገረው ቍጥሩ ብቻ ተልኮለት በእነዚህ መኪናዎች አስልቶ ሰጠ። ጁን 6 ቀን የወረዱት ወታደሮች በእርሱ ሰሌዳ ላይ ተማምነው ነበር። መማሩ እዚህ ላይ የተሳካው ጨረቃና ፀሐይ ሥራቸውን ስለማይለውጡ ነው። ያለፈው ሲደገም ከያለፈው የተማረ ያሸንፋል።

ሁሉ ነገር ግን እንደ ጨረቃ አይታመንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርበርት ዊነር የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ከጁሊያን ቢገሎ ጋር የተያዘው ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር። መድፍ የተኰሰው ጥይት ወደ አውሮፕላን እስኪደርስ ብዙ ሰከንድ ያልፋል፤ ስለዚህ የሚተኰሰው አውሮፕላኑ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ስፍራ ነው። አብራሪው ደግሞ ይህን ስለሚያውቅ ይጠማዘዛል። ዊነር ካለፈው አካሄዱ በአማካይ ከሁሉ የሚሻለውን ግምት የሚሰጥ ሒሳብ በ1942 ዓ.ም. በምስጢር ጽሑፍ አቀረበ፤ በሞስኮም ኮልሞጎሮቭ ለብቻው ተመሳሳዩን ነገር ቀድሞ በ1941 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። የዊነር መኪና በጦርነቱ ላይ አልዋለም። ዳሩ ግን እርሱ በ1948 ዓ.ም. ስለ መምራትና ስለ መልእክት ጥበብ መጽሐፍ ጽፎ ሳይበርኔቲክስ ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ መርከብ ነጂ ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው።

በቡዳፔስት የተወለደው ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ዓ.ም. ያሳተመው ዘዴ ከዚህ የሚሻልበት ምክንያት ለእኛ ለተማሪዎች የሚገባ ነው። ያለፈውን መዝገብ ሁሉ ተሸክሞ መዞር አያስፈልግም። ሁለት ነገር ብቻ መያዝ ይበቃል፤ አሁን ያለን ከሁሉ የተሻለ ግምትና፥ በዚያ ግምት ላይ ያለን ጥርጣሬ መጠን። አዲስ ልኬት በመጣ ጊዜ፥ በግምታችን ብዙ የምንጠራጠር ከሆነ ልኬቱን ብዙ እንሰማዋለን፤ ልኬቱን የምንጠራጠር ከሆነ ጥቂት። በናሳ የኤምስ ማዕከል የነበረው ስታንሊ ሽሚት ይህን ዘዴ ለጨረቃ ጕዞ አመቻቸው፤ ትውስታው እጅግ ጠባብ የነበረው የአፖሎ ኮምፒዩተርም በ1969 ዓ.ም. ሰዎችን ወደ ጨረቃ ሲመራ ተጠቀመበት። ጥርጣሬውን በቍጥር ጽፎ የሚይዝ መኪና መሠራቱን እኛ ከዚህ ታሪክ ሁሉ እጅግ አድርገን የምናደንቀው ነገር ነው።

በዚያው ዘመን ግን የትንበያን ወሰን የሚያሳይ ነገር ተገኘ። ኤድዋርድ ሎሬንዝ በ1961 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ በ12 ቍጥሮች ብቻ የተወከለ ትንሽ የሐሳብ አየር በኮምፒዩተር ያስኬድ ነበር። አንድ ቀን ያለፈውን ሥራ ከመካከሉ ለመድገም ፈልጎ፥ ከወረቀቱ ላይ 0.506 የሚለውን ቍጥር አስገብቶ ቡና ሊጠጣ ወጣ። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የነበረው ቍጥር 0.506127 ነበር፤ ወረቀቱ አሳጥሮ ጽፎት ኖሯል። ሲመለስ ሁለቱ አየሮች መጀመሪያ አብረው ሄደው፥ ኋላ ፍጹም የማይተዋወቁ ሆነው አገኛቸው። ይህንም በ1963 ዓ.ም. አሳተመ። እንግዲህ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ቢታወቅ እንኳ፥ መነሻው ላይ ያለች ኢምንት ስሕተት እያደገች ትንበያውን ታጠፋዋለች ማለት ነው። ለየዕለቱ የአየር ጠባይ ወሰኑ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው ይባላል። ይህን ወሰን መምህር ቢበረታ፥ መዝገብም ቢበዛ አያስቀረውም።

አሁን ወደ ቍጥጥር እንመለስ። በመዳፉ ላይ ዱላ አቁሞ ለማቆየት ያልሞከረ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ዱላው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል እጅን ወደ ቀኝ፥ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ግራ ማስከተል ነው፤ ጥቂት የዘገየ ይወድቅበታል፥ እጅግ የቸኰለም ይወድቅበታል። ልጁ ሕጉን አያውቅም፤ ስንት ጊዜ ከወደቀበት በኋላ እጁ ራሱ ይማራል። ይህ የልጆች ጨዋታ ለሚማሩ መኪናዎች ዋናው ፈተና መሆኑን ብዙ ወላጆች አያውቁ ይሆናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በስታንፎርድ በርናርድ ዊድሮውና ተማሪዎቹ፥ በሚንቀሳቀስ ጋሪ ላይ የቆመ መጥረጊያ እንዳይወድቅ የሚያደርግ መኪና አስተማሩ። ያ መኪና ግን አስተማሪ ነበረው፤ በዚህ ጊዜ ወደ ቀኝ፥ በዚያ ጊዜ ወደ ግራ እየተባለ ነበር የተማረው።

ያለ አስተማሪ ይማር እንደ ሆነ የጠየቀው ዶናልድ ሚቺ ነው። ሚቺ በጦርነቱ ጊዜ በብሌችሊ ፓርክ የጠላትን ምስጢር ጽሑፍ ከሚፈቱት ወጣቶች አንዱ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ኮምፒዩተር ስላልነበረው ወደ 300 የሚጠጉ የክብሪት ቀፎዎች ሰብስቦ፥ ቀለማቸው ልዩ ልዩ የሆነ ዶቃዎች ጨመረባቸው፤ በዚህም ኤክስና ዜሮ የሚባለውን ጨዋታ የሚማር መኪና ሠራ። እያንዳንዱ ቀፎ የጨዋታው አንድ ሁኔታ ነው፤ ዶቃ በዘፈቀደ ሲወጣ ቀለሙ ወዴት እንደሚጫወት ይናገራል። ካሸነፈ በዚያ ቀለም ዶቃ ይጨመርለታል፥ ከተሸነፈ ይወሰድበታል። እኛም ይህን ማንም ተማሪ በጥቂት ሳንቲም ሊሠራው የሚችል ነው ብለን እናምናለን፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

በ1968 ዓ.ም. ሚቺና ቻምበርስ የክብሪቱን ሐሳብ ወደ ዱላው አመጡት። የጋሪው ስፍራና ፍጥነት፥ የዱላውም ማዘንበልና የማዘንበሉ ፍጥነት ተከፋፍለው 225 ቀፎዎች ሆኑ፤ በያንዳንዱም ቀፎ መኪናው ጋሪውን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ለመግፋት ይመርጣል። ችግሩ ቅጣቱ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ዱላው ከመውደቁ በፊት መቶ ጊዜ ተገፍቷል፤ ከመቶው ጥፋተኛው የትኛው ነው? በ1983 ዓ.ም. ባርቶ፥ ሳተንና አንደርሰን መልሱን በሁለት ክፍል ከፈሉት። አንደኛው ክፍል ይገፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ መውደቂያው ምን ያህል እንደ ቀረበ ይገምታል። ገፊው መውደቁን ሳይጠብቅ፥ ግምቱ የከፋ በሆነ ጊዜ ወዲያው ይታረማል። እንዲህ ሆኖ ትንበያ ለቍጥጥር አስተማሪ ሆነለት። ሳተንና ባርቶ በ2025 ዓ.ም. የቱሪንግ ሽልማት አሸናፊዎች ተብለው የተጠሩት ከዚህ በጀመረው ሥራቸው ነው።

ከዱላ ጋር የሚጫወት መኪና ቢሳሳት የሚወድቀው ዱላው ነው። ሰው የተሳፈረበት ጊዜ ነገሩ ይለያል። ኤክስ 15 የተባለው የአሜሪካ የሮኬት አውሮፕላን አየሩ ወፍራም ከሆነበት ተነሥቶ አየር ወደሌለበት ይወጣ ስለ ነበር፥ በታች ለስላሳ መሪ የሚበቃው በላይ ብርቱ መሪ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በሦስተኛው ኤክስ 15 ላይ ኤም ኤች 96 የሚባል፥ የራሱን የትእዛዝ ብርታት እየበረረ የሚያስተካክል መሣሪያ ተገጠመ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ ብርታቱን ከፍ ማድረግ፥ አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዝቅ ማድረግ። በዲሴምበር 1961 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረረበት ኒል አርምስትሮንግ ነበር፤ ለብዙ በረራም በመልካም አገልግሏል።

ኖቬምበር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ማይክል አዳምስ በዚሁ አውሮፕላን ወደ 81 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። በመንገድ ላይ ከአንድ የምርምር ዕቃ የተነሣ የኤሌክትሪክ መታወክ ነበር፤ አፍንጫውም ቀስ በቀስ ወደ ጐን ዞረ። አዳምስ በፊቱ ያለውን መለኪያ ሌላ ነገር እንደሚለካ አድርጎ እንዳነበበው መርማሪዎች ኋላ ገምተዋል። አውሮፕላኑ ከድምፅ አምስት እጥፍ በሚያህል ፍጥነት መሽከርከር ጀመረ። ከሽክርክሪቱ ወጣ፤ ሊድን የሚችልበት ጊዜም ነበር። ነገር ግን ኤም ኤች 96 በዚያ ሰዓት ራሱ በፈጠረው ውዝዋዜ ተይዞ ነበር። አየሩ እየወፈረ ሲሄድ ብርታቱን ዝቅ ማድረግ ሲገባው፥ መሪዎቹ እስከ ወሰናቸው እየተወራጩ ስለ ነበር ዝቅ ለማድረግ አልቻለም። አውሮፕላኑ በ19 ኪሎ ሜትር ከፍታ ገደማ ተሰባብሮ አዳምስ ሞተ። ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ብቻ መጣል ትክክል አይሆንም። ቢሆንም ያ ደንብ ባልታሰበበት ሁኔታ ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል የሚለውን ጥያቄ በዚያ ጊዜ በሒሳብ ሊመልስ የሚችል ሰው አልነበረም። ራሱን የሚያስተካክል መሪ በተወሰነ ሁኔታ እንደማይፈነዳ የሚያረጋግጡት ሒሳቦች የተሟሉት በ1980 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ከአዳምስ ሞት ዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ዛሬ የሚማረው መኪና አስቀድሞ በሐሳብ ዓለም እንዲወድቅ ይደረጋል። በ2022 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሎዛን፥ እንደ ፀሐይ የሚግለውን ፕላዝማ በማግኔት የሚይዝ መሣሪያ በሚማር መኪና ተመርቷል፤ መኪናው 19 የማግኔት ጥምጥሞችን በሰከንድ 10,000 ጊዜ ያዛል። የተማረው ግን በእውነተኛው መሣሪያ ላይ አልነበረም፤ ከፊዚክስ ሕግ በተሠራ አምሳያ ላይ ደጋግሞ እየከሸፈ ነበር።

ለሀገራችን የቀረበው ግን የአየር ጠባይ ነገር ነው። በሕጉ መንገድ መጀመሪያ የሞከረው ሉዊስ ሪቻርድሰን፥ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የቍስለኞች መኪና እየነዳ በእጁ አሰላ፤ በ1922 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ የአየሩ ግፊት በስድስት ሰዓት 145 ሚሊባር ይለወጣል የሚል ውጤት ተገኘ፤ በእውነቱ ግን ያን ቀን ግፊቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒዩተር መጥቶ የሕጉ መንገድ ከዓመት ወደ ዓመት ተሻሻለ። በ2023 ዓ.ም. ግን ፓንጉና ግራፍካስት የሚባሉ፥ ሕጉን ማንም ያልነገራቸው መኪናዎች መጡ። ግራፍካስት የተማረው ከ1979 እስከ 2017 ዓ.ም. ካለው የ39 ዓመት የዓለም የአየር መዝገብ ነው፤ የዐሥር ቀን ትንበያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣል፤ በተፈተነበትም በአብዛኛው ከሕጉ መንገድ የተሻለ ሆነ። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል የራሱን የሚማር መኪና ከፌብሩዋሪ 25 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የቀድሞውን ሳይተው ጐን ለጐን ሥራ ላይ አውሎታል።

ለገበሬ ዐሥር ቀን ጥቂት አይደለም። በሁለት ዝናብ መካከል መሬቱ ደርቆ ዘሩ እንዳይቀር፥ ወይም የታጨደው እህል በአውድማ ላይ እንዳይበሰብስ፥ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማወቅ የዓመት ቀለብ ነው። ክረምቱን በሙሉ ማወቅ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የኛ ክረምት በብዙ አውራጃ ቀረ፥ በተከታዩ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ አስፈለገው።

ስለዚህ መዝገቡ ማን የጻፈው ነው ብሎ መጠየቅ ይገባናል። ያ የ39 ዓመት መዝገብ ሙሉ በሙሉ ሰው የለካው አይደለም። ልኬት ባለበት ልኬቱ፥ ልኬት በሌለበት ደግሞ የሕጉ መንገድ የሚሰጠው ግምት እየተሞላበት ዓለምን በየሰዓቱ ይሸፍናል። ተማሪው መኪና የተማረበትን ደብተር የጻፈለት ያው ሽማግሌው መምህር ነው። በአውሮፓ ላይ የአየር መለኪያ ጣቢያው ብዙ ስለ ሆነ መምህሩ በየጊዜው ይታረማል። በአፍሪካ ላይ ጣቢያው ጥቂት ነው፤ ተራራና ሸለቆ ጐን ለጐን በሆኑበት፥ በአንዱ መንደር ሲዘንብ በሌላው ፀሐይ በሚወጣበት እንደኛ ባለ ደጋ አገር፥ በደብተሩ ላይ ያለው የዝናብ ቍጥር ከዝናብ መለኪያው ይልቅ ከግምቱ የመጣ ነው። መኪናው ግን ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ ለሁለቱም እኩል ይተማመናል። ስለ ሎንዶን ሲናገርና ስለ ወሎ ሲናገር ድምፁ አንድ ነው። በየጣቢያው በጧት ተነሥቶ የአየሩን ልኬት የሚጽፈው ሠራተኛ፥ የዚህ መኪና አስተማሪ መሆኑን ራሱም አያውቅ ይሆናል።